የእስክስታን ትከሻ በካሜራና በከሰል እንዴት መዘገብኩት

ቪዲዮ የጭፈራውን መልክ ያሳያል፤ እንቅስቃሴው ከየትኛው የሰውነት ክፍል ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ግን አይነግረንም። ስለዚህ የጎንደር አካባቢን እስክስታ ለመመዝገብ ስነሣ፣ ሰዓሊ እንደመሆኔ ካሜራን፣ ኮምፒዩተርንና የከሰል ንድፍን አጣምሬ ለመሥራት ወሰንኩ።

በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ የስልክ ካሜራ ፈጣኑ የትከሻ ምት ይደበዝዛል፤ በ120 ሲቀረጽ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ቀረጻው ደጅ በቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ስለሚሉ፣ ዓይን የማያየውን ብልጭታ ፈጣን ካሜራ ይይዘዋል።

ከባዱ ጉዳይ ሶፍትዌሩ ነበር። የተጠቀምኩበት ሚዲያፓይፕ፣ ከቪዲዮ ላይ የሰውነትን አቋም የሚለይ ፕሮግራም፣ ሰውነትን በ33 ነጥቦች ይወክላል፤ ከእነዚህ 11ዱ ፊት ላይ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ትከሻ ግን አንድ ነጥብ ብቻ አለው፣ ለደረት፣ ለአከርካሪና ከጀርባ በኩል ላለው ሰፊው የትከሻ አጥንት ደግሞ ምንም የለውም። ለእስክስታ ይህ ዋናውን ነገር መተው ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጨፋሪ «ልጄ፣ ትከሻ ብቻውን አይመታም፤ ደረት ነው የሚያነሣው» ያሉኝ ይህንኑ ነው። በዚህ ምክንያት ወጣቶቹ ተወዛዋዦች ጠበብ ያለ ካናቴራ ለብሰው፣ በደረታቸው መካከልና በትከሻ አጥንታቸው ላይ ነጫጭ ምልክቶች ለጥፈን ቀረጽን። እኒያ እናት ግን በሐበሻ ቀሚሳቸውና በመቀነታቸው እንደለመዱት ጨፈሩ፤ የልብሱ አወራረድ ራሱ የእስክስታው አካል ነውና።

ለንድፉ የውዝዋዜ ባለሙያው ሩዶልፍ ላባን እ.ኤ.አ. በ1928 ካሳተመው የእንቅስቃሴ አጻጻፍ አንድ ሐሳብ ወሰድኩ፤ እርሱም ጊዜ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ መሆኑ ነው። በረጅም ወረቀት ላይ፣ ምቱ በበረታበት ከሰሉን ጫን እያልኩ፣ ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ ባዶ እየተውኩ ወደ ላይ ሣልኩ። በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱትን ነጥቦች ያለ አስተያየት ያለፏቸው እኒያ እናት፣ ወረቀቱን ሲያዩ ጣታቸውን አሳርፈው «እዚህ ላይ አንገት ይቀድማል፤ ትከሻው ተከትሎት ነው የሚመጣ» ብለው አረሙኝ። በእኔ እምነት የንድፉ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የጥበቡ ባለቤት ያለ ኮምፒዩተር ዕውቀት አንብቦ ሊያርመው የሚችል ሰነድ ነው።

የነጥቦቹን ቁጥሮች በየትኛውም ኮምፒዩተር በሚከፈት ተራ ሰንጠረዥ አስቀምጫለሁ። ማሲንቆውና ጭብጨባው ከእንቅስቃሴው ጋር በአንድ የሰዓት ቆጠራ እንዲሄዱ ማድረግ አድካሚ ቢሆንም፣ ምቱ ከዜማው ከተለየ እስክስታው ትርጉም ስለሚያጣ አልተውኩትም። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የተወዛዋዦቹ የስምምነት ጽሑፍ አለ፤ ለትምህርት እንዲውል ፈቅደዋል፣ ለማስታወቂያ የሚፈልገው ሰው ግን እነሱኑ ጠይቆና ተዋውሎ መሆን አለበት።