የቡችላዬ ተቅማጥ አርባ ቀን የፈጀበት ምክንያት

ቡችላዬን ቆሮሶን ያገኘሁት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በር ላይ ነው። ሐምሌ ነበር፣ ሲዘንብ ያደረ ማለዳ። ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች እግር ሥር ተቀምጦ የዓሣ አንጀት ይልሳል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ከቦ እንደያዘ ዘበኛ ዙሪያውን ቆመዋል። ልጄ "እንውሰደው አባዬ" አለች። እኔም ልቤ ከሷ ቀድሞ ነበር። ስሙንም እዚያው አወጣችለት። እስከ ሰፈራችን አቶቴ በባጃጅ ጉልበቴ ላይ ተኝቶ መጣ። በማግስቱ ተቅማጥ ጀመረው፤ ተቅማጡም አርባ ቀን ገደማ አልለቀቀውም።

አርባ ቀን መፍጀት አልነበረበትም። በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር ነበር። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ እንግልት አይደርስበትም ነበርና ለሌላው ልንገር ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ወተት ሰጠሁት። ቡችላ ነው፣ ወተት ይወዳል ብዬ። የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ብዙ ውሻ መፍጨት አይችልም፣ ሆዱ የተነካ ቡችላ ደግሞ ጭራሽ። ከዚያ ከቤት የተረፈ እንጀራ በወጥ ሰጠሁት። እኛ አገር ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። አላውቅም ነበር። ስንቱ ግቢ ውስጥ ስንቱ ውሻ በዚህ ነው የሚያድገው፤ ቢሆንም ለታመመ ቡችላ አይሰጥም። ወተቱንና ወጡን አቁሜ ነጭ ሩዝ በተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ ያለ ዘይት ያለ ጨው፣ ትንሽ ትንሽ በቀን አራት ጊዜ ማብላት ጀመርኩ። ትንሽ ተሻለው። አልቆመም ግን።

ከዚያ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ አልጠቅስም። ሰውየው ቆሮሶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ጅራቱን አነሳ፣ "ተቅማጥ ነው" አለኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ። አልመዘነውም። ሰገራውን አላየም። ሁለት መርፌ ወጋው፣ አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ፣ አንዱ አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት። ነገና ከነገ ወዲያም አምጣው አለኝ። ሦስት ቀን አመላለስኩት። ቡችላው በሁለተኛው ቀን ከባጃጅ ስንወርድ ቦታውን ለይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን መንቀጥቀጥ አሁንም እጄ ላይ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ተቅማጡ ለሁለት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ንፍጥ የመሰለ ነገር ተቀላቅሎበት፣ ሽታው ግቢውን የሚሞላ። ስመለስ ሰውየው "ሁለት ቀን ምግብ ከልክለው፣ አንጀቱ ይረፍ" አለኝ። ይህን አትስሙ። ትልቅ ጤነኛ ውሻ ለግማሽ ቀን ቢጾም ምንም ላይሆን ይችላል። የሦስት ወር ከሲታ ቡችላ ግን በጾም የደም ስኳሩ ይወርድና ራሱን ይስታል። እኔ ሰማሁት። ሌሊቱን መነሳት አቃተው። ባለቤቴ በጣቷ ማር አድርጋ ድዱ ላይ ቀባችለት፣ ኦአርኤስ፣ ተቅማጥ ለያዘው የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ በጥብጣ በሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ አደረገችለት። ንጋት ላይ ጅራቱን አንቀሳቀሰ። ኦአርኤሱ ለሰው የሚሰጠው ነው፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ቤት ውስጥ ይኑራችሁ።

ውሃ ማጣቱን ማወቂያውንም የተማርኩት ያን ሌሊት ነው። በትከሻዎቹ መሃል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሳትና መልቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ወዲያው ይመለሳል። የቆሮሶ ቆዳ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ፣ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ድዱን ስነካው ምራቅ የለውም፣ ጣቴ ተጣበቀ።

በነገራችን ላይ ጎረቤት ሁሉ "ፓርቮ ነው፣ ይሞታል፣ አትድከም" ይለኝ ነበር። ፓርቮ ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው፣ በቀናት ውስጥ ነው የሚጥለው፤ ያስመልሳል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ደም ይቀላቅላል። እነዚህን ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሩጡ። ቆሮሶ ግን ሳምንታት እያስቀመጠውም ይበላል፣ ጫማ ያኝካል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ። የሰገራ ምርመራ።

ጓደኛዬ "ሰገራውን አስመርምር" አለኝ። ጥሩ ምክር ነበር፣ አፈጻጸሙ ግን ሁሉን ነገር አበላሸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከግቢው አፈር ላይ አንስቼ በፌስታል ቋጠርኩት። ሥራ ገባሁ። ፌስታሉ ሞተር ሳይክሌ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። 9 ሰዓት ላይ ምርመራ ወደሚሠራበት ቦታ አደረስኩት። የተቀበለኝ ባለሙያ መቼ እንደተያዘ አልጠየቀኝም። ከየት እንዳነሳሁት አልጠየቀኝም። አየና "ንጹሕ ነው፣ ጥገኛ ተውሳክ የለውም" ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።

ያ ወረቀት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ምክንያቱም አመንኩት። ጥገኛ ከሌለው ምግቡ ነው አልኩ፣ ሩዙን በድንች ቀየርኩ፣ ድንቹን በዱባ ቀየርኩ። በየቀኑ ምግብ መቀያየሩ ራሱ ሆድ ያበላሻል፣ ግን ሌላ ምን ላድርግ? ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄጄ ፍላጂል ገዛሁ፣ የሰው፣ በግምት ሰባብሬ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ቆመ። እኔም መስጠቱን አቆምኩ። በሳምንቱ ተመለሰ። ፍላጂል ለውሻ ሐኪም በኪሎ አስልቶ ሊያዘው ይችላል፣ ሲበዛ ግን ነርቩን ይነካል፣ ሲራመድ ያንገዳግደዋል። በግምት የሰጠሁት በመሆኑ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። የከብት የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል፣ ከፍለህ ስጠው ያሉኝም ነበሩ። እሱን እንኳን አላደረግኩም፤ ውሻ ላይ መቅኔውን ሊጎዳ ይችላል።

ሐዋሳ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። እኔ ግን በዚህች ከተማ አንድ ወር ሙሉ በግምት ስዞር ከረምኩ። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

በአምስተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ሐኪም ጋ ደረስኩ። ወረቀቱን በኩራት አሳየኋት። "ናሙናው ስንት ሰዓት ቆየ?" አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ስላት ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጥገኛው በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም፣ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታይቶ "የለም" ማለት አይቻልም፣ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ነው የሚታየው። ትኩስ መሆን አለበት። ከላይ በኩል በንጹሕ ማንኪያ የሚነሳ፣ አፈር ያልነካው፣ ክዳን ባለው ብልቃጥ። ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ የሚታየው ነገር ሞቶ ፈርሶ ነው የሚደርሰው።

በማግስቱ ብልቃጥ ይዤ ከቆሮሶ ኋላ ኋላ ዞርኩ። በያዝኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አደረስኩላት። የመጀመሪያው ምንም አልነበረውም። ሁለተኛው ላይ "ና ወንድሜ፣ እይ" አለችኝና ከማይክሮስኮፑ ገለል አለች። ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዷን አየሁ፣ የእንባ ጠብታ የምትመስል፣ ውሃ ላይ እንደወደቀ ቅጠል እየተገለባበጠች የምትሄድ። ጃርዲያ። አገር ሙሉ የሚያውቀው፣ ከአሜባ ጋር አብረን የምንጠራው ጃርዲያ። የተወጋው ሁሉ መርፌ እሱን አይነካውም ነበር።

ቆሮሶን እቅፍ አድርጌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ከዚያ ብቻዬን፣ ልዩነቱ 4 ኪሎ ከ200። በዚያ ልክ ፌንቤንዳዞል የሚባል የጥገኛ መድኃኒት ለአምስት ቀን አዘዘችለት። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፣ በኪሎ ነው የሚሰላው፣ ሐኪማችሁ ያስላው። የምርመራው ዋጋ ከአንዱ መርፌ ያነሰ ነበር።

መድኃኒቱ ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ግቢ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አልነገረኝም ነበር። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለቆሮሶ ከቧንቧው ሥር የተቆረጠ ጀሪካን አስቀምጬለት ነበር። ክረምት ነው፣ ዙሪያው ጭቃ፣ ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ይጸዳዳል፣ እዚያው ይጠጣል። የጃርዲያ ዘር እርጥብና ቀዝቃዛ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል፤ ድርቀትና ፀሐይ ነው የሚገድለው። ጀሪካኑን ጣልኩ። የብረት ሳህን ገዝቼ በየቀኑ በፈላ ውሃ አጠብኩ። የሚተኛበትን ጆንያ አቃጠልኩ። ሰገራውን ወዲያው በአካፋ አነሳሁ። በመጨረሻው የመድኃኒት ቀን ገላውን፣ በተለይ የኋላ እግሮቹንና ከጅራቱ ሥር፣ በሳሙና አጠብነው፤ ዘሩ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ሲልስ መልሶ ይውጠዋልና። በረኪና አፍስስ ያሉኝ ብዙ ናቸው። አፈር ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው፣ አፈሩ ኃይሉን ይበላዋል። ልጄንም በነካችው ቁጥር እጇን በሳሙና እንድትታጠብ አደረግን፤ አንዳንዱ የጃርዲያ ዓይነት ወደ ሰው ይተላለፋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረቅ ሰገራ አየሁ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ከዚያ የመጀመሪያው ክሊኒክ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፣ ልናገረው ነበር የሄድኩት። ሰውየው በጸጥታ ሰማኝ። "ሰው ሁሉ ሲመጣ መርፌ ነው የሚፈልገው፣ ካልወጋሁ አላከመውም ይለኛል" አለኝ። ምክንያት አይሆንም፣ አልኩትም። ግን መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን ገና ከመቀመጤ "መርፌ አይወጉትም ወይ?" ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ እንደገና ናሙና አየች። የለም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ወሰድኩ፣ ከዚያም ሌላ። ሦስቱም ንጹሕ። የእብድ ውሻ ክትባቱንም ያኔ ወሰደ።

አሁን ቆሮሶ 11 ኪሎ ነው፣ ደረቱ ሰፍቷል፣ አሞራ ገደል ስንሄድ አባ ኮዳዎቹን ያባርራል። ብልቃጧ ታጥባ መስኮቱ ላይ አለች። ጠዋት ጠዋት ሲጸዳዳ ግን አሁንም ሥራዬን ትቼ ቆሜ አየዋለሁ።