ሐረጎን በዜሮ ማርሽ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ክፉው ጥምዝምዝ ሐረጎ የሚባለው ተራራ ላይ ነው። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ነኝ። መንግሥት በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ላይ በ35 ብር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ በአንድ ጊዜ 49 ብር ገባ። በጀቱ ቢያጥረኝ የእያንዳንዱን ሾፌር የወር ፍጆታ በሊትር አስልቼ ቢሮዬ በር ላይ ለጠፍሁ፤ ለሚቆጥበውም መጠነኛ ጉርሻ አስፈቀድሁ። በሁለተኛው ወር የሠራተኛ ሰርቪሱ ፍጆታ ቀነሰ። እንዴት እንደቀነሰ ግን አልጠየቅሁም።

አንድ ጭጋጋማ ማለዳ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ሐረጎን ስንወርድ፣ የሞተሩ ድምፅ እንደ ቆመ መኪና ዝቅ ማለቱ ገረመኝ።

«ጋሼ፣ ማርሽ አላስገቡም እንዴ?»

«አብሽር ልጄ፣ ሊትርህን እየቆጠብሁልህ ነው።»

ማርሽ ስላልገባ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነበርና፣ ሦስት ኩርባ ሳንሻገር የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው፤ ፔዳሉም እየለሰለሰ ወደ ታች ሰመጠ። ሰውየው የሠላሳ ዓመት ሾፌር ባይሆኑ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ፔዳሉን ደጋግመው እየረገጡ ሦስተኛ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ እየጮኸ ከተራራው ጥግ አስጠግተው አቆሙን። አንድ ወጣት በጀሪካን ውኃ ሊደፋበት ሲሮጥ «የጋለ የፍሬን ታምቡር ይሰነጠቃል!» ብለው ከለከሉት።

መካኒካችን በኋላ እንዳስረዳኝ፣ እንደዚያ መኪና ያለ በኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ ናፍጣውን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል ጥቂት ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ አንድ ጠብታ አላተረፈልንም። ፍጆታው የቀነሰው ጋሼ ደሴ ላይ የማለዳ ፈረቃውን ሲጠብቁ፣ በብርዱ ምክንያት ሳያጠፉት ያቆሙት የነበረውን ሞተር ማጥፋት በመጀመራቸው ብቻ ነበር።

ሠንጠረዡን በዚያው ዕለት ቀደድሁት፤ በአዲሱ ላይ ከሊትሩ ጎን የፍሬን ሸራ የተቀየረበትን ቀን የሚያሳይ ዓምድ ጨመርሁ። ጋሼ አሁን ሐረጎ ሳይደርሱ ሁለተኛ ያስገቡና በመስታወቱ ወደ እኔ ያያሉ።