ስኳር የማያወፍረው ክሬም

አዳማ ላይ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሠርግና የቅልቅል ኬክ የሚያዝ ሰው ይበዛል፤ ሙቀቱ የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በግንቦት ከሰዓት በኋላ የኩሽና አየር ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያልፍ አያስገርምም፤ ምድጃ ሲለኮስ ደግሞ ይብሳል። ይህ ገጠመኝ የደረሰው በዚያ ወቅት፣ ቤታቸው ውስጥ ኬክ እየሠሩ በሚሸጡ አንዲት እናት ኩሽና ነው። የእኔ ድርሻ ኬኩን ማስጌጥ ሲሆን፣ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት በቅርቡ የወጣ አንድ ወጣት ደግሞ ምድጃውንና ሚክሰሩን ይዞ ይረዳን ነበር።

ትእዛዙ የቅልቅል ኬክ ነበር። ያዘዘችው የሙሽራዋ ታላቅ እህት ስለ ቁመቱም ሆነ ስለ አበባው ብዙ አልተጨነቀችም፤ አጥብቃ የተናገረችው ስለ ክሬሙ ብቻ ነው። «የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ክሬሙን በማንኪያ እየገፉ ዳቦውን ብቻ እንዳይበሉ፣ እባካችሁ ስኳሩ ይቀነስ» አለች። የቤቱ የተለመደ ክሬም ለዚህ አይሆንም ነበር። በእሱ ለ250 ግራም ቅቤ እስከ 500 ግራም የሚደርስ የስኳር ዱቄት ይገባል፤ ስኳሩ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ክሬሙን የሚያቆመውም እሱ ስለሆነ፣ ሲቀንሱት ክሬሙ ቅርጽ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ዱቄት በወተት ተበስሎ የሚገባበትን ክሬም እንድንሠራ ሐሳብ አቀረብኩ፤ የቤቱ ባለቤትም ትንሽ ካመነቱ በኋላ ተስማሙ። ይህ ክሬም አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዛሬ በየኬክ ቤቱ የምናየው ሬድ ቬልቬት የሚባለው ቀይ ኬክ የክሪም ቺዝ (የለስላሳ አይብ) ክሬም ከመልበሱ በፊት በአሜሪካ ይቀባ የነበረው ይኸው የበሰለ ዱቄት ክሬም ነው።

ለአንድ መካከለኛ ኬክ የሚበቃው መጠን 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 200 ግራም ተራ ስኳር፣ 40 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ለአመል ያህል ጨው ነው። ዱቄቱ በደረቁ ከስኳሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ወተቱ ጥቂት በጥቂት ሲገባበት አይጓጉልም፤ ዱቄቱን ፈልቶ በቆየ ወተት ላይ መበተን ግን ወንፊት ይዞ ለመለፋት መዘጋጀት ነው። በመካከለኛ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ ወፈር ያለ አጥሚት እስኪመስል ካደረሱት በኋላ፣ ቦግ ቦግ ማለት ከጀመረም ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ እሳት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ አይለቅም። ዱቄቱን የሚያወፍር የሚያደርገው ስታርች ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለማብሰሉ ከበቂ በላይ ነው። ያበጠው ስታርች የወተቱን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከቅቤ ጋር ሲመታ ውሃና ቅባቱ ሳይለያዩ አየር ይገባባቸዋል፤ የክሬሙ ልስላሴና ቅለት የሚመጣው ከዚህ ነው። ለጋ ቅቤ ለምን አይሆንም ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የአገራችን ለጋ ቅቤ ከእርጎ የሚናጥ በመሆኑ ሽታው ከቫኒላው በላይ ይሰማል፤ በውስጡ የሚቀረው አሬራም መጠኑ ከቅቤ ቅቤ ይለያያል።

ቅዳሜ ጠዋት ረዳታችን ወተቱንና ዱቄቱን በጥሩ ሁኔታ አበሰለ፤ ይህን መመስከር አለብኝ፣ አንዲት ጓጓላ አልነበረበትም። ቆዳ እንዳያወጣም ፕላስቲኩን ከገጹ ጋር አጣብቆ ሸፈነውና በዚያው ጥልቅ ድስት መስኮት ሥር አስቀመጠው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕላስቲኩን በእጁ ነካ፣ ቀዝቅዟል ብሎ ወሰነ፣ ቅቤው በሚክሰር ተመትቶ ነጣ ካለ በኋላም ሙሉውን ገለበጠበት። በጥልቅ ድስት የተቀመጠ ወፍራም ነገር ከላይ ይቀዘቅዛል እንጂ መሐሉ ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። ክሬሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አብረቅራቂና ቀጭን ሆኖ ከመምቻው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

በዚህ መሐል የቤቱ ባለቤት ከገበያ ገቡና ሳህኑን አይተው ሳይውሉ ሳያድሩ «የስኳር ዱቄት ጨምርበት» አሉት።

«እትዬ፣ ልጅቷ ስኳር ይቀነስ ብላለች እኮ» አለ።

«ቀጥኖ ከሚቀር ይጣፍጥ! ጨምር ብዬሃለሁ።»

ጨመረ። አሁንም ቀጭን ነበር፤ ልዩነቱ ጣፋጭ መሆኑ ብቻ ነው። ደገመ፤ ያው ሆነ። ከዚያም በድንጋጤ ሳህኑን ፍሪዘር ውስጥ ከቶ ዘለግ ላለ ጊዜ ተወው፤ አውጥቶ ሲመታው ደግሞ ዳር ዳሩ የጠጠረው ቅቤ እየተፈረፈረ፣ ከሥሩ ውሃ እያቀረረ መጣ። እኔ ታችኛውን ኬክ ደርድሬ ስጨርስ የደረስኩት በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቷ ሁሉንም ደፍተው በተለመደው ክሬም ሊሠሩ ማርጋሪን አውጥተው ነበር።

ባለቤቷ የተናገሩት ከልምድ ነው፤ ለለመዱት ክሬም ትክክል ነበር። በዚያኛው ስኳሩ አካል ስለሆነ፣ ሲቀጥን ስኳር መጨመር ያወፍረዋል። በዚህኛው ግን ክሬሙን የሚያቆመው ስታርቹና ሳይቀልጥ የለሰለሰው ቅቤ ነው፤ ቅቤ ደግሞ ለመመታት የሚመቸው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ከ30 ካለፈ በኋላ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ አብረቅርቆ የቀጠነ ክሬም ሞቋል፣ ፈርፈር ብሎ ውሃ ያወጣ ክሬም ደግሞ በርዷል ማለት ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ከመደርደሪያ ወርዶ የሚጨመር ነገር የለም። ከሁሉ በፊት መዳፍን በሳህኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የአሠራር መመሪያዎች «በክፍል ሙቀት» ሲሉ ብዙዎቹ የሚያስቡት 20 ዲግሪ ገደማ የሆነ ክፍል ነው፤ የአዳማን የግንቦት ኩሽና አላዩም፤ እኛ ዘንድ ቅቤን በክፍል ሙቀት ማቆየት ማለት ማቅለጥ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሳህኑን ስነካው በረዶ ነበር። ከተፈረፈረው ክሬም አንድ ጭልፋ ያህል በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ በእንፋሎት ላይ እስኪለዝብ ያዝኩትና፣ ሚክሰሩ እየዞረ በቀጭኑ አፈሰስኩበት። መጀመሪያ የባሰበት መሰለ፤ ረዳታችንም ፊቴን እያየ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ «ተወው፣ ይምታ» አልኩት። ጥቂት ቆይቶ የሚክሰሩ ድምፅ ከበድ አለ፣ በሳህኑ ግድግዳ ላይ ያቀረረው ውሃ ጠፋ፣ ክሬሙም የመምቻውን ሽቦዎች ዱካ ይዞ መቆም ጀመረ። ባለቤቷ በጣታቸው ቀምሰው «ድኗል!» አሉ። ድኖ ነበር፤ ነገር ግን የገባበት ስኳር አይወጣምና ለዚያ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በዚህ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው ማን ያውቃል አሉ፤ እኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አስታወስኳቸው። በመጨረሻ ያ ክሬም ለሱቅ በሚወጡት ትንንሽ ኬኮች ላይ ዋለ፤ ለቅልቅሉም አዲስ ለመሥራት ተስማማን።

ጊዜ አልነበረንም። ሁለተኛውን ያበሰለው ያው ረዳታችን ነው፤ የተለየው የማቀዝቀዙ ዘዴ ነበር። የበሰለውን በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርገን ዘርግተን፣ ፕላስቲኩን ገጹ ላይ አጣብቀን፣ ትሪውን በረዶ የተጨመረበት ውሃ በያዘ ሳፋ ላይ አስቀመጥነው፤ በድስት ሰዓታት የሚፈጀው በደቂቃዎች በረደ። ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ የሚል፣ ነገር ግን የማያብረቀርቅ ሲሆን ተመታ፤ የበረደው ዱቄት ደግሞ በማንኪያ አንድ አንድ እየተደረገ ገባ። በዚህ ዓይነት ሲገባ አንዱ ማንኪያ ሞቆ ቢገኝ ሙሉው ሳህን ሳይበላሽ ማቆም ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ይህን ዕድል ያሳጣል። መብራት የሄደው ኬኩ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀንቶናል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የተለወጡ ነገሮች አሉ። ዱቄቱና ወተቱ የሚበስለው ከዋዜማው ማታ ነው፤ ጠዋት ከቅቤው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ላይ እስኪደርሱ ከፍሪጅ ወጥተው ይጠበቃሉ። ባለቤቷ ትንሽ የኩሽና ቴርሞሜትር ገዝተዋል፤ ረዳታችን ግን አሁንም መዳፉን ያስቀድማል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ። ኬኩን ለሚወስዱ ደንበኞችም ክሬሙ ቅቤ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ ቀድሞ እንዳይወጣና ሊቆረስ ሲል ብቻ እንዲቀርብ እንነግራቸዋለን፤ ማርጋሪን ሙቀትን ከቅቤ የበለጠ ይችላል፣ ነገር ግን ላንቃ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ቅባት ስላለው ለዚህ ክሬም አልወደውም።

ለፍልሰታ ጾም የልደት ኬክ ሲታዘዝ ግን ማርጋሪኑን መጠቀም ግድ ሆነ። ባለቤቷ ያለ ወተት አይሆንም ብለው ነበር። ውሃውን የሚይዘው ስታርቹ እንጂ ወተቱ ስላልሆነ፣ በሶያ ወተት ስናበስለው እኩል ወፈረ፤ ጣዕሙ ሳሳ ያለ በመሆኑ ቫኒላውንና ጨውን ትንሽ ከፍ አደረግን።