ሚክስ መገምገም ስማር፦ ደብተሬ በየደቂቃው አራት ምት ለምን ይሸሸኝ ነበር

ባለፈው እሑድ ሌሊት፣ ከሰባት ወር ሙከራ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ የሚክስ (ዲጄ ዘፈኖችን ሳያቋርጥ እያያያዘ የሚያጫውተው ሥራ) ግምገማዬን ጨርሼ ትራንስና ፕሮግረሲቭ ሃውስ የተባሉትን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃዎች ለሚከታተሉ ሁለት ጓደኞቼ ላክሁላቸው። የገመገምሁት ሳሻና ጆን ዲግዊድ የተባሉት የብሪታንያ ዲጄዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ሚኒስትሪ ኦቭ ሳውንድ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ያወጡትን «ኖርዘርን ኤክስፖዠር» የተባለ ባለ ሁለት ሲዲ ስብስብ ነው። በማግስቱ አንደኛው ጓደኛዬ «ያልኸውን ቦታ ሦስት ጊዜ መልሼ አዳመጥሁት፤ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ሁለት ዘፈን መሆኑን አላወቅሁም ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። እጅግ ደስ አለኝ፤ ግምገማ ማለት ለእኔ አንባቢው ወደ ሙዚቃው ተመልሶ ያልሰማውን እንዲሰማ ማድረግ ነውና። እዚህ ለመድረስ የሄድሁበትን መንገድ፣ በተለይም አምስት ወር ሙሉ አላላውስ ያለኝን አንድ ችግር፣ እንደ እኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የምለው የለኝም። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የትራንስና የፕሮግረሲቭ ሃውስ ሚክሶችን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ፤ እኔም ጎንደር ፒያሳ በምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት አዳምጣቸው ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጽሑፎቼ ዘፈኖቹን በተርታ እየጠሩ «ውብ ነው»፣ «ይመስጣል»፣ «ኃይለኛ ነው» ከማለት አላለፉም። ሠርግ ውሎ የመጣ ሰው ስለ ሠርጉ ሲጠየቅ የቀረበውን ወጥ ብቻ ቆጥሮ እንደሚያበቃው ዓይነት ነበር።

የሚክስ ስብስብ ከተራ የዘፈን ስብስብ የሚለየው በመጋጠሚያዎቹ፣ ማለትም አንዱ ዘፈን እየወጣ ሌላው በሚገባባቸው ቦታዎች፣ ነው። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የሌሎች ሰዎች ድርሰት ናቸው፤ የዲጄው ሥራ የትኛውን እንደመረጠ፣ ከምን ቀጥሎ እንዳስገባው፣ በየትኛው ምት ላይ አንዱን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ከፍ እንዳደረገ ነው። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ማንስፊልድ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ለተጀመረው ሬኔሳንስ ለተሰኘ ክለብ በ1994 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ሲዲ ስብስብ አዘጋጅተው፣ አንድ የክለብ ሌሊት ቤት ቁጭ ተብሎ እንደሚደመጥ ወጥ ሥራ ሊቀርብ እንደሚችል አሳይተው ነበር። አንድ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ፣ ቢበዛ 80 ደቂቃ ስለሆነ፣ ሰዓታት የሚፈጀውን መነሣት፣ መሟሟቅና መብረድ በዚያች ጊዜ ውስጥ ማድረስ ግድ ይላል። ስለዚህ ስለ መጋጠሚያዎቹ አንዲት ቃል የሌለበት ጽሑፍ፣ በእኔ እምነት፣ የሚክስ ግምገማ ሊባል አይገባውም።

ችግሬ እነዚህን መጋጠሚያዎች መስማት አለመቻሌ ነበር። አንዱ ዘፈን ሲሄድ ይቆይና ልብ ስትሉ ሌላ ዘፈን ውስጥ ናችሁ፤ መቼ እንደተሻገራችሁ ግን አታውቁም። ይህን ለመያዝ ያለው መንገድ መቁጠር ነው። የትራንስም ሆነ የፕሮግረሲቭ ሃውስ ዘፈን በአራት በአራት ምት ይሄዳል፤ ለውጥ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ባለ አራት ምት ክፍሎች፣ ማለትም 32 ምት፣ ሲሞሉ ነው። አዲስ ከበሮ የሚገባው፣ ቤዙ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) የሚወጣው፣ ዜማው የሚጀምረው በዚህ በር ነው፤ ዲጄውም የሚገባውን ዘፈን የ32 ምት መነሻ ከሚወጣው ዘፈን መነሻ ጋር ያገጣጥማል። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ያደግሁት በእስክስታ ነው፤ ችክችካ የምንለው ምት ስድስቱን በሦስት በሦስት ከፍሎ ስለሚሄድ ትከሻዬ የለመደው እሱን ነው። ሳላስበው አራቱን ወደ ሦስት እየሳብሁ፣ አሥራ ምናምን ላይ ስደርስ ቁጥሩ ይጠፋብኝ ነበር።

መፍትሔ ያገኘሁት ከምንሸጠው ባለ መስመር ደብተር ነው። አንዱን መስመር አንድ ደቂቃ አደረግሁት፤ በደቂቃ 128 ምት የሚሄድ ዘፈን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 32 ምትን በትክክል አራት ጊዜ ይሞላል፤ እያንዳንዱ 32 ምትም 15 ሰከንድ ነው። መስመሩን በእርሳስ አራት ቦታ ከፈልሁ፤ ከበሮ ሲገባ ክብ፣ ቤዝ ሲወጣ ሰረዝ፣ አዲስ ድምፅ ሲመጣ መስቀል አደርግ ጀመር። ለልምምድ በያዝሁት ባለ 128 ምት የትራንስ ዘፈን ላይ ምልክቶቹ በየክፍሉ መነሻ እንደ ዘብ ተሰለፉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወደ አንድ የፕሮግረሲቭ ሚክስ ስሻገር ግን ምልክቶቹ መስመር በመስመር ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ሄዱ። በአራተኛው መስመር ላይ ክቦቹ የክፍሉ ወገብ ላይ ነበሩ፤ በስምንተኛው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሰው ከመነሻው ላይ ቆሙ። እንደገና አዳመጥሁ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ጥፋቱ የዲጄው ነው ብዬ ደመደምሁና «መጋጠሚያው ምቱን ስቷል፤ ዲጄው ቆይቶ ነው ያስተካከለው» ብዬ ለጓደኞቼ ጻፍሁ። ይህን በመጻፌ ዛሬም አፍራለሁ፤ አንድ ሰው በጥንቃቄ የሠራውን ሥራ በራሴ የደብተር ስሕተት ከስሼዋለሁ።

እውነቱ የታየኝ አንድ ቀን በስልኬ ሰዓት ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከበሮውን ስቆጥር ነው። ሚክሱ የሚሄደው በ128 ሳይሆን በ124 ምት ነበር። እንግዲያውስ እኔ በሠራሁት መስመር ላይ በየደቂቃው አራት ምት ይጎድላል ማለት ነው፤ አራት ምት በስምንት ደቂቃ 32 ምት ይሆናል፤ ስለዚህ ነው በስምንተኛው መስመር ላይ ሁሉም ነገር የተቃና የመሰለው። ያን ሌሊት የድሮውን ገጽ ቀድጄ አዲስ ጀመርሁ፦ አንዱ መስመር 32 ምት ነው፤ የወሰደውን ያህል ጊዜ ይውሰድ፤ ደቂቃውን በኅዳጉ ላይ በትንሹ እጽፋለሁ። በዚህ አካሄድ 74 ደቂቃ የሚፈጅ ባለ 124 ምት ሚክስ 287 ገደማ መስመር ይጠይቃል። ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚያሳጥር መንገድ አላገኘሁም፤ ያሳጥራል የሚሉኝንም አላምናቸውም።

የቀረው ፈተና ብሬክዳውኑ ነበር። ከበሮውና ቤዙ ወጥተው ዜማው ብቻውን ሲንሳፈፍ የሚቆጠር ምት አይሰማም፤ ከዚያ ባዶ ቦታ ስወጣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለሁ አላውቅም ነበር። ለዚህ የረዳኝ ስምንት ፍሬ ሽምብራ ነው። ሽምብራዎቹን ከደብተሩ ግራ አስቀምጣለሁ፤ አራት ምት በሞላ ቁጥር አንዷን በጣቴ ወደ ቀኝ እገፋለሁ፤ ስምንቱ ሲያልቁ አንድ መስመር ወርጄ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ግራ እመልሳቸዋለሁ። ጣቴ የያዘው ፍጥነት ከበሮው ከጠፋም በኋላ አይቋረጥም። በዚህ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መጋጠሚያን ከጥግ እስከ ጥግ ያዝሁት፦ 12 መስመር፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ ሁለቱ ዘፈኖች አንድ ላይ ይሄዱ ነበር፤ እኔ ግን ለወራት «ረጅሙ ዘፈን» እያልሁ ስጠራው ነበር።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሁለቱ ዘፈኖች ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይጣሉ እንዴት አብረው ይሄዳሉ የሚለው ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሉ፤ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» ብዬ ሄድፎኑን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይኼ ሰው ቅኝት የሚለውጠው ሳያቆም ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ክራር ቢሆን ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ቆሞ ክሩን መቃኘት አለበት፤ የእኔ ማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ነው፤ ጣቴን አዛውሬ እሻገራለሁ። የሁለቱንም የጋራ ድምፅ ትይዛለህ፣ ከዚያ አዲሱን ታስገባለህ። ልጄ፣ ይኸው ነው ነገሩ» አሉ። ዲጄዎች ይህንኑ በካሜሎት ክብ ሠንጠረዥ ይሠሩበታል፤ 24ቱ ቁልፎች (ዘፈን የሚቃኝባቸው የድምፅ ስብስቦች) ከ1 እስከ 12 ባሉ ቁጥሮችና በሁለት ፊደላት ተሰይመው፣ ፊደላቸው አንድ ሆኖ ቁጥራቸው ጎረቤት የሆነ ሁለት ቁልፎች ከሰባት ድምፅ ስድስቱን ይጋራሉ። ለምሳሌ 8ኤ የተባለው ኤ ማይነርና 9ኤ የተባለው ኢ ማይነር የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለእኔ ግን ከሠንጠረዡ ይልቅ የጋሼ አገላለጥ ነው የገባኝ፤ በግምገማዬም ውስጥ የጻፍሁት በእሳቸው መንገድ ነው።

ቁልፍ ለይተው የሚነግሩ ፕሮግራሞችን ከጆሮ በፊት መጠቀምን እቃወማለሁ። ዲጄው ምቱን ለማገጣጠም የሸክላውን ፍጥነት በ6 በመቶ ሲጨምር ድምፁም ግማሽ ቶን ገደማ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ዘፈን ለብቻው የሚታወቅበት ቁልፍ በቆየ ሚክስ ውስጥ የሚሰማበት ቁልፍ ላይሆን ይችላል። የዘፈኖቹን ዝርዝርም አስቀድማችሁ አታንብቡ፤ ስም ያየ ጆሮ የሚሰማው የጠበቀውን ነው። ይህን እየመከርሁ በ«ኖርዘርን ኤክስፖዠር» ሁለተኛ ሲዲ ላይ ሁለት ጊዜ ዝርዝሩን ገልጬ አይቻለሁ፤ ያየሁባቸው ሁለት መጋጠሚያዎችም በጽሑፌ ውስጥ ከሁሉ የደከሙት ናቸው።

የትራክ ቁጥርም ያሳስታል። በሲዲ ላይ ቁጥሩ የሚቀየርበት ነጥብ ለአድማጩ ምቾት የተቀመጠ ምልክት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከመጋጠሚያው መካከል ነው። የእኔ ፋይል ደግሞ በየትራኩ የተቆረጠ ኤምፒ3 ስለነበር በየቁርጡ ላይ ቅንጣት ዝምታ ትሰማለች፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ያችን ዝምታ የዲጄው ሥራ መስላኝ ነበር። ያልተቆረጠ አንድ ፋይል ፈልጉ።

በትራንስና በፕሮግረሲቭ መካከል ሚዛኔ ገና አልተስተካከለም። ፕሮግረሲቩ ረጋ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 128 ባለው ምት፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ ስለሚሄድ ለረጅም መጋጠሚያ ይመቻል። ትራንሱ ፈጠን ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 140 ገደማ የሚሄድ ነው፤ ትልቅ ዜማና ረጅም ብሬክዳውን ስላለው ሁለት ዜማ ከተደራረበ ይጋጫል፤ ስለዚህ ዲጄው ዜማ በሌለበት፣ ከበሮ ብቻ ባለበት መግቢያና መውጫ ላይ ቶሎ መሻገር አለበት። እኔ ለወራት አጭሩን መጋጠሚያ እንደ ስንፍና ቆጥሬ የትራንስ ሚክሶችን ዝቅ አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ፍርዴ ትክክል አልነበረም። አሁንም ሳላስተውል ወደ ፕሮግረሲቩ አደላለሁ፤ ጽሑፌን ስታነቡ ይህን አስባችሁ አንብቡ።

በስልክ ስፒከር ደግሞ ሚክስ አትገምግሙ፤ ቤዙ ጨርሶ አይሰማም፤ የሽግግሩ ቁም ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ሁለት ቤዝ አብሮ ከሄደ ድምፁ ስለሚደፈርስ ዲጄው የአንዱን ቀንሶ የሌላውን ይለቃል፤ ይህ ቅያሬ ነው የመጋጠሚያው እምብርት። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ150 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አስወግዳችሁ ቤዙን ብቻ ብታዳምጡ ቅያሬው የተፈጸመበትን ምት ታገኙታላችሁ። ይህን የማደርገው ደብተሩን ከጨረስሁ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ቀድሜ ባደረግሁባቸው ቀናት ጆሮዬ ሰንፎ አይቼዋለሁ።

አሁን የያዝሁት ፖል ኦክንፎልድ የተባለው የብሪታንያ ዲጄ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ትራንስፖርት» ነው፤ ለትራንስ ያለብኝን ዕዳ ልክፈል ብዬ ሆን ብዬ የመረጥሁት ነው። ትናንት ማታ 96ኛው መስመር ላይ ሆኜ፣ አምስተኛዋን ሽምብራ እየገፋሁ ሳለ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔም ባትሪ ብዙ አልቆየም። ሽምብራዎቹን እናቴ ለሽሮ ከምትለቅመው ጋር እንዳትቀላቅላቸው ነግሬ፣ አምስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ ትቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ማታ ከዚያው እቀጥላለሁ።