«ልዩነት 24»

ከውጭ ቆጥሮ ማባዛት የሚያመጣውን ጣጣ የማያውቅ የመጋዘን ሠራተኛ የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። በዚያ ዕለት የመጡት ፓሌቶች (ካርቶን የሚደረደርባቸው የእንጨት መደቦች) 4 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በየጎኑ 3 ካርቶን፣ ወደ ላይ ደግሞ 6 ንብብር ስለሚታይበት፣ በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ የሰፈረው 216 ካርቶን ከስሌቱ ጋር ልክክ ይላል። የአንዱን ፓሌት ፕላስቲክ ቀድጄ ከላይ የተነጠፈበትን ጠፍጣፋ ካርቶን ሳነሣው ግን መሀሉ እስከ ታች ድረስ እንደ ጉድጓድ ባዶ ነበር፤ በስልኬ መብራት ባየው የፓሌቱ እንጨት ታየኝ። የቀሩት ሦስቱም እንደዚያው ሆነው ተገኙ። በአንድ ንብብር 9 ሳይሆን 8፣ በድምሩ 192 ማለት ነው።

አለቃዬ ከበር ላይ ሆነው «መኪና አታስቁሙ፣ ፈርማችሁ ሸኙ» ይላሉ። እኔ በሰነዱ ላይ «ጉድለት» ብዬ መጻፍ ስጀምር፣ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡኝ ሾፌር እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ጉድለት አትበል። ጉድለት ካልክ በመንገድ ላይ አጎደለ የምባለው እኔ ነኝ። ታሽጎ የተሰጠኝን ታሽጎ አምጥቻለሁ። ልዩነት በል።»

«ጋሼ፣ ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው ከሆነ ምን ቸገረህ?»

መልስ አጣሁ። እውነትም ማሸጊያው አልተነካም ነበር፤ አደራደሩም ቢሆን የሚመስለው ሌብነትን ሳይሆን፣ የጫነው ሰው ልክ እንደ እኔ ከውጭ ቆጥሮ ማባዛቱን ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቅጂ ላይ «ልዩነት 24 ካርቶን፣ በሾፌሩ ፊት የተቆጠረ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን። በአንድ ቃል የሰው እንጀራ እንዳተረፍኩ እየተሰማኝ፣ ያን ቀን ከራሴ ጋር በጣም ተስማምቼ ዋልኩ።

ደረሰኙ ሲመጣ ግን የተጠየቅነው የ240 ካርቶን ሒሳብ ነበር። የእኛ የገቢ ሰነድ 192 ስለሚል ሒሳብ ክፍል ክፍያውን አገደ፤ አቅራቢው በበኩሉ ማኅተማችን ያረፈበትን ቅጂ ልኮ፣ 24 ካርቶን ትርፍ መረከባችንን ራሳችን አረጋግጠናል ሲል ተከራከረ። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ትርፍ ይሁን ጉድለት የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። ነገሩ በደብዳቤ ምልልስ እስኪስተካከል ድረስ፣ መኪናው እንዲሸኝ ሲያጣድፉን የነበሩት አለቃዬ በየስብሰባው «ርክክብ ጥድፊያ አይወድም ብዬ ነበር» ይሉ ጀመር። ይባስ ብሎ፣ በፎርማችን ላይ ትርፍና ጉድለት ለየብቻ ዓምድ እንዲኖራቸው እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ በእርሳቸው ስም ሰርኩላር ሆኖ ተበተነ።

ሾፌሩ በሌላ ጊዜ ጭነት ይዘው ሲመለሱ 2 ካርቶን ጎደለ። በሰነዳቸው ላይ «60 ይላል፤ 58 ተቆጠረ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይኼስ ማንንም አይነካም» ብለው ፈረሙ። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ፣ በእኛው ፎርም ላይ «ጉድለት» በሚለው ዓምድ ሥር 2 ብዬ ሞላሁ።