እግዚኦታችን ማማው ድረስ ተሰማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወህኒ አምባን መጀመሪያ ያሳየኝ አባዬ ነው። ወደ በለሳ፣ አያቴ ዘንድ ስንሄድ ቆም ብሎ በጣቱ ያመለክተኛል። ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ ብቻውን የተገተረ አምባ። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይታሰሩ ነበር። አፄ በካፋ በ1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት ከዚያ ወርደው ነው። እኔ ግን ልጅ ነኝና "እናታቸው እንዴት ትጠይቃቸዋለች?" አልኩት። "ስታድጊ ሄደን እናያለን" አለኝ።

ሳንሄድ ታመመ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ጸበል አመላለስኩት። ሞተ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን "ሁለተኛ አልለምንህም" አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ለለቅሶ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

በጥቅምት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተነሣን። ማክሰኚትን አልፈን፣ መኪና ከቀረበት በእግር። አናቱ ላይ ልንወጣ አልነበረም፤ ገደሉ ያለ ገመድ አይሞከርም። ከሥሩ ደርሼ ድንጋዩን በእጄ መንካት ነበር የፈለግኩት። ነካሁት። ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ይሞቃል። አባዬን አስቤ አለቀስኩ።

ስንወርድ ጉም መጣ። ከፊቴ የሚሄደው ወንድሜ ጠፋኝ። የድንጋይ መንከባለል ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቱን። በዳበሳ ደረስኩበት። ገደል አፋፍ ላይ ቁጥቋጦ ይዞታል፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል። ጎትቼ አወጣሁት። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። መሸ። ዝናብ ጀመረ፣ በጥቅምት! በሻርፔ እግሩን አሰርኩለት። ከታች ጅብ ይጮኻል። ወንድሜ ብርዱ ጥርሱን ያንገጫግጨዋል። ዝም ሲል ግን የባሰ ፈራሁ። "እንዳትተኛ!" እያልኩ ጉንጩን መታ መታ አደርገዋለሁ።

"ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" ሳላስበው ከአፌ ወጣ። መዝሙር 120ን አባዬ ማታ ማታ ይደግመው ነበር። ወንድሜ በደከመ ድምፅ "እግዚኦ እንበል" አለኝ። በጣቶቹ አንጓ እየቆጠርኩ 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አልን። ጨርሰን እንደገና። እንደገና። ወንድሜ ሲደክም ብቻዬን፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ልመና ብቻ አልነበረም፤ ቁጣም ነበረበት። "አባቴን ወስደሃል፤ እሱን አትወስድብኝም!" አልኩት።

ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣ ከታች የባትሪ ብርሃን አየሁ። "ማነው እግዚኦታ የሚያደርስ?" አለ አንድ ድምፅ።

"አባቴ፣ ይድረሱልን!"

"አይዞሽ ልጄ፣ መጣሁ!"

ገበሬ ናቸው። ማማ ላይ ሆነው ማሽላቸውን ከጃርት ይጠብቃሉ። ሌላ ጊዜ ቤታቸው ነው የሚያድሩት፤ ጃርቱ በዋዜማው ስላጠፋባቸው ነው ያን ሌሊት የወጡት። "ቀብር መሰለኝ፤ ኋላ ግን በሌሊት ምን ቀብር አለ ብዬ ተነሣሁ" አሉኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው ወንድሜን ጠቀለሉት። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ አወረዱት። እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ አንድ ብር አልተቀበሉኝም። የገበሬው ባለቤት እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ ወተት አጠጡን፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ኅዳር 6፣ ወንድሜ ገና ጄሶ እንደታሰረ፣ ቁስቋም ማርያም ሄድኩ። የአፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር ነው። ቆሜ አስቀደስኩ። ከወራት በኋላ ወንድሜም በእግሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ስለ አባዬ ጥያቄዬ አሁንም አለ። አሁን ግን እግዚአብሔርን ራሱን እጠይቀዋለሁ፣ በጸሎት። እናንተም በጸሎታችሁ እኒያን ገበሬ አስቡልኝ። ማሽላቸውን ከጃርት ይጠብቅላቸው።