ጭስ ያቆመው ቤት

ከወልቂጤ እስከ እምድብር ያለውን መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ከዚያ አንድ ሞተረኛ ለአጭር መንገድ 300 ብር ተቀብሎኝ ጀፎሮው፣ የጉራጌ መንደር ሰፊ የሳር ጎዳና፣ አፍ ላይ አወረደኝ። ብሽቅ ብዬ ነበር። ጀፎሮውን ሳየው ግን ለቀቀኝ። ከብት የጋጠው ሰፊ ሳር መሃሉን ይዞ፣ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። ከጀርባቸው እንሰት። እኛ ኮንዶሚኒየም ስር ይህን ያህል ክፍት ቦታ ቢገኝ በሳምንቱ መኪና ይሞላዋል።

ያሳደሩኝ አባባ ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው። ሲገቡ ጨለማ ነው። ዓይኔ ሲለምድ መጀመሪያ ምሰሶውን አየሁት፤ መሃል ላይ የቆመ አንድ ወፍራም ጥድ። ከላዩ ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ተዘርግተው ጣሪያውን ተሸክመዋል። ሚስማር ፈልጌ አጣሁ። ማሰሪያው ሐረግና ቃጫ ነው። ግድግዳው ላይ በኋላ የተተካው ፍልጥ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን መጥቶ፣ ጥዱ ሲመናመን ቦታውን የወሰደ ዛፍ።

ሌሊቱ ከበደኝ። ከመደቡ ማዶ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ላሞቹ ሲያመሰኩ ያድራሉ። ሙቀታቸው ደግ ነው፤ ደጋው ይበርዳል። ጭሱ ግን ዓይኔን ሲያነደኝ አደረ። ሲነጋ፣ «አባባ፣ ጭስ ማውጫ ለምን አላበጁለትም?» አልኳቸው።

«ጭሱ ከወጣማ ምስጥ ይገባል» አሉኝ።

እጄን ይዘው ማገሩን አስነኩኝ። ጥላሸቱ ከመክረሙ የተነሳ ደርቆ ያብለጨልጫል። ጣቴን አሸሁት፤ ምንም አልለቀቀም። ከሥሩ ያለው እንጨት አንድ ቀዳዳ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ያማረርኩበት ጭስ ሳሩንም እንጨቱንም ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኔ አላነሳሁም።

ጎረቤቱ ቆርቆሮ አልብሷል። አልፈርድበትም፤ የክዳን ሳር እንደ ድሮው አይገኝም፣ ሲገኝም አጭዶ ለመክደን የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ቢሆንም ቤቱ ከአዲስ አበባ ቤት ምንም አይለይብኝም፤ ቀን ይግላል፣ ሲዘንብ ደግሞ መነጋገር የለም። እዚህ ዝናቡ ሲወርድ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ልሄድ ስል ፎቶ ላነሳቸው ጠየቅኳቸው። ደጅ ብርሃኑ ይሻላል ብላቸው እምቢ አሉ። ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ እጃቸውን ጥዱ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«ምሰሶውም ይግባ» አሉኝ።